ኢ = ኤምሲ² ከየት መጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊዚክስ ሳስጠና ከተማሪም ከወላጅም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ፊደሎቹን ክፍል ውስጥ በሚጠሩበት ድምፅ ጽፌያቸዋለሁ፣ ዓመታቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢ = ኤምሲ² በአጭሩ ምን ይላል?

አንድ ዕቃ ዝም ብሎ ቢቀመጥም በውስጡ ጉልበት አለው ይላል። የጉልበቱን ልክ ለማወቅ የዕቃውን መጠነ ቁስ በብርሃን ፍጥነት፣ ከዚያም እንደገና በብርሃን ፍጥነት ማባዛት ነው። ኢ ጉልበት ናት፣ በጁል። ኤም መጠነ ቁስ ናት፣ በኪሎግራም። ሲ የብርሃን ፍጥነት ናት፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር።

መጠነ ቁስ ስንል ዕቃው ሲገፉት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ማለታችን ነው። ባዶ ጋሪና ጤፍ የተጫነ ጋሪ ግፉና ልዩነቱን በትከሻችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ ግን እኩልታውን ገልብጬ ማንበብ ይቀናኛል፦ ኤም = ኢ/ሲ²። አንስታይንም መጀመሪያ ያወጣው በዚህ መልኩ ነው። ጉልበት የጨመረ ዕቃ መጠነ ቁሱ ይጨምራል፤ ጉልበት የለቀቀ መጠነ ቁሱ ይቀንሳል። ከታች ያለው ማረጋገጫ ሁሉ በዚህ አቅጣጫ ስለሚሄድ ይቺን ያዙልኝ።

ሲ እዚህ ምን ትሠራለች? ለምንስ ስኩዌር ሆነች?

ሲን እንደ ምንዛሪ አስቧት። ዶላርን ወደ ብር ለመቀየር ተመን እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ኪሎግራምን ወደ ጁል ለመቀየርም ተመን ያስፈልጋል። ተመኑ ሲ² ነው። አንድ ጁል ማለት አንድ ኪሎግራም በሜትር ስኩዌር ተባዝቶ ለሰከንድ ስኩዌር የተካፈለ ስለሆነ፣ ኪሎግራምን በፍጥነት ስኩዌር ካላባዙት ጁል አይሆንም።

ይሄ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ፈተና ላይ አሃዱን ብቻ አስተካክለው «ተረጋገጠ» ብለው የሚጽፉ ተማሪዎች አሉ። አሃዱ ለ½ኤምሲ²ም ለ4/3ኤምሲ²ም እኩል ይሠራል። ፊት ለፊት ያለው ቁጥር 1 መሆኑን ማሳየት ነው ዋናው ሥራ።

አንድ ኪሎ ስንት ጉልበት ነው?

90,000 ትሪሊዮን ጁል ገደማ። ወደ ቤታችን ቆጣሪ ስናመጣው 25 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የህዳሴ ግድብ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደው 15.7 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ጉልበት ሆኖ ቢወጣ ግድቡ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የሚሠራውን ያህል ነው። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ የስኳሩን ጉልበት እንዲህ አሟጦ የሚያወጣ ዘዴ የለንም።

ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ 64 ኪሎ ያህል ዩራኒየም ነበረው። በፍንዳታው የተለቀቀው ጉልበት በመጠነ ቁስ ሲሰላ 0.7 ግራም ብቻ ነው። ፀሐይ ደግሞ በየሰከንዱ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ እንዲሁ ብርሃን አድርጋ ትበትናለች።

አንስታይን መቼ ደረሰበት?

በ1905። ዕድሜው 26 ነው፤ ስዊዘርላንድ በርን ከተማ የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። በሰኔ ልዩ አንጻራዊነትን (የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም ተመልካች አንድ ነው ከሚለው የሚነሳውን ንድፈ ሐሳብ) የሚያስረዳውን ረጅም ጽሑፍ ላከ። ከዚያ «አንድ ነገር ረስቻለሁ» ያለ ይመስል፣ ሦስት ገጽ ብቻ የሆነች ተጨማሪ ጽሑፍ አስከተለ። መጽሔቱ የተቀበላት መስከረም 27 ቀን ነው።

የጽሑፏ ርዕስ ራሱ ጥያቄ ነው፤ የአንድ አካል አልነቃነቅ ባይነት በውስጡ ባለው ጉልበት ላይ ይመሠረት እንደሆነ ይጠይቃል። ኢ = ኤምሲ² የሚል መስመር ብትፈልጉባት አታገኙም። ጉልበትን ኤል፣ የብርሃንን ፍጥነት ቪ ብሎ ጠርቶ፣ አካሉ ኤል የሚያህል ጉልበት በጨረር ከለቀቀ መጠነ ቁሱ በኤል/ቪ² ይቀንሳል ነው ያለው።

ያለ ከባድ ሒሳብ ዴራይቭ ማድረግ (ከመነሻው ማውጣት) ይቻላል?

ይቻላል። መጀመሪያ ጣና ላይ እንሂድ። 120 ኪሎ የሚመዝን ታንኳ ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከኋላ ቆሟል። ንፋስ የለም፣ የውኃውንም ግጭት እንተወው። ሰውዬው ታንኳው ላይ 3 ሜትር ወደ ፊት ሲራመድ ታንኳው 1 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ተራማጁ የሄደው 2 ሜትር ብቻ ነው። 60 በ2፣ 120 በ1፤ እኩል ናቸው። ከውጭ የገፋ ስለሌለ የሁለቱ የጋራ ማዕከል ንቅንቅ አላለም።

አሁን ታንኳውን በዝግ ሳጥን፣ ሰውዬውን በብርሃን ተኩ። አንስታይን በ1906 ያቀረበው ሐሳብ ነው። የሳጥኑ መጠነ ቁስ ትልቁ ኤም፣ ርዝመቱ ዲ ይሁን። ከግራው ግድግዳ ኢ የሚያህል ጉልበት ያለው ብርሃን ብልጭ ይላል። ብርሃን ኢ/ሲ የሚያህል ሞመንተም (የእንቅስቃሴ ግፊት፤ ለተራ ዕቃ መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት) ስለሚይዝ፣ ሳጥኑ እንደ ጠመንጃ ወደ ኋላ ይመታል። ፍጥነቱ ኢ/(ትልቁ ኤም × ሲ) ነው። ብርሃኑ የቀኙን ግድግዳ ለመድረስ ዲ/ሲ ጊዜ ይፈጅበታል። ሲደርስ ግድግዳው ይውጠዋል፤ ሳጥኑም ይቆማል። እስከዚያ የሸሸው ርቀት ኢ × ዲ/(ትልቁ ኤም × ሲ²) ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሳጥኑ ሸሽቷል፣ ማንም ግን ከውጭ አልነካውም። ታንኳው የሸሸው ሰው ስለተራመደ ነው። እዚህስ ማን ተራመደ? ብርሃኑ ትንሿ ኤም የምትባል መጠነ ቁስ ከግራ ወደ ቀኝ ካላሻገረ ሒሳቡ አይዘጋም። ስለዚህ ትንሿ ኤም × ዲ = ትልቁ ኤም × የተሸሸው ርቀት። ከላይ ያለውን ርቀት ስታስገቡ ትልቁ ኤምም ዲም ይጣፋሉ። የቀረው ትንሿ ኤም = ኢ/ሲ² ነው። ማን ይለካዋል ካላችሁ ማንም አይለካውም፦ 1 ኪሎ የሚመዝን፣ 1 ሜትር የሚረዝም ሳጥን ውስጥ 1 ጁል ብርሃን ብትለቁ፣ ሳጥኑ የሚሸሸው ከአንድ ፕሮቶን ስፋት ከመቶ ጊዜ በላይ ያነሰ ርቀት ነው።

ብርሃን እንደሚገፋ በምን ታወቀ?

ከአንስታይን በፊት ታውቋል። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስሌት አገኘው። ሩሲያዊው ፒዮትር ሌበዴቭ ደግሞ አየር በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ ቀጫጭን ክንፎች አንጠልጥሎ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው መግፋቱን ለካና ውጤቱን በ1901 አሳተመ።

የ1905ቱ ማረጋገጫ ራሱ እንዴት ነው የሚሄደው?

አንድ አምፖል ባዶ ቦታ ላይ ቆሟል። በአንድ ቅጽበት ሁለት ብልጭታ ይለቃል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ፣ እያንዳንዳቸው የኢን ግማሽ ይዘው። ግፊቱ ከሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ አምፖሉ ከቦታው አይነቃነቅም።

ይህንኑ በቪ ፍጥነት የሚሄድ ባቡር ላይ ሆናችሁ እዩት (ከዚህ በኋላ ቪ የባቡሩ ፍጥነት ናት፣ የብርሃን አይደለችም)። ከፊት የሚመጣባችሁ ብልጭታ ጉልበቱ ጨምሮ፣ ከኋላ የሚከተላችሁ ጉልበቱ ቀንሶ ይታያል። አምቡላንስ ሲመጣ ድምፁ ቀጥኖ፣ ካለፈ በኋላ ወፍሮ እንደሚሰማው ነው። ግን ጭማሪውና ቅናሹ አይጣፉም። ሁለቱ ሲደመሩ ኢ ሳይሆን ጋማ × ኢ ይሆናሉ። ጋማ ሁልጊዜ ከ1 ትበልጣለች፤ በዝግታ ለሚሄድ ባቡር 1 + ቪ²/2ሲ² ገደማ ናት።

እንግዲህ አምፖሉ አጠገብ የቆመ ሰው የወጣው ጉልበት ኢ ነው ይላል። ባቡር ላይ ያለው ደግሞ በ½ × (ኢ/ሲ²) × ቪ² የሚበልጥ ወጥቷል ይላል። ይህ ትርፍ ከየት መጣ? ለባቡሩ ሰው አምፖሉ በቪ ፍጥነት የሚሄድ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ የእንቅስቃሴ ጉልበት አለው፣ ½ኤምቪ²። ትርፉ ሊወጣ የሚችለው ከዚያ ብቻ ነው። የአምፖሉ ቪ ግን አልተቀየረችም፤ ከቦታው አልተነቃነቀማ! ½ደግሞ ቁጥር ናት። የቀረችው ኤም ናት። ኤም በኢ/ሲ² ቀንሳለች። ለእኔ በፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ሦስት ገጽ የለም።

የእንቅስቃሴ ጉልበት ½ኤምቪ² ከሆነ፣ እዚህ ½ የት ሄደች?

ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ስም አይደሉም። በቪ ፍጥነት የሚሄድ ዕቃ ጠቅላላ ጉልበቱ ጋማ × ኤምሲ² ነው። ጋማን ስትዘረዝሯት ኤምሲ² + ½ኤምቪ² + ሌሎች ጥቃቅን ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው የተቀመጠ ጉልበት ነው። ሁለተኛው 9ኛ ክፍል የተማርነው ነው። ½ አልጠፋችም፤ ጎረቤት ናት።

ከአንስታይን በፊት የደረሰበት የለም?

የተጠጉ አሉ። እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1881 ኤሌክትሪክ የተሞላ ኳስ ለመግፋት ይበልጥ እንደሚያስቸግር አሳየ። ፈረንሳዊው ፖይንካሬ በ1900 ጨረር ኢ/ሲ² መጠነ ቁስ እንዳለው ፈሳሽ ተደርጎ ሊታሰብ እንደሚችል ጻፈ፤ ፈሳሹን ግን የምር አልወሰደውም። ኦስትሪያዊው ሀዘንኦርል በ1904 እና በ1905 ጨረር የሞላበትን ሳጥን አስልቶ፣ መጨረሻ ላይ 4/3 የሚል ቁጥር ይዞ ቀረ። አንስታይን የጨመረው ነገር፣ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ወይም የጨረር ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ጉልበት መሆኑን ነው።

ለኒውክለር ብቻ ነው የሚሠራው?

አይደለም፤ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ብታሞቁ መጠነ ቁሱ 3 ቢሊዮንኛ ግራም ያህል ይጨምራል። ትኩስ ጀበና ከቀዝቃዛው ይከብዳል ማለት ነው፣ የሚለካ ሚዛን ካገኛችሁ።

አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ 30 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይለቃል። አመዱን፣ ጭሱንና ከአየር የገባውን ኦክስጅን አንድም ሳይቀር ብትመዝኑ፣ የጎደለው የአንድ ሚሊዮንኛ ግራም ሲሶ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዚዬ «በኬሚስትሪ መጠነ ቁስ አይጠፋም» ያለው በጊዜው ሚዛን ፍጹም ልክ ነበር። ዛሬም ለኬሚስትሪ ክፍል በቂ ነው። በኒውክለር ግን ጉድለቱ በመቶኛ የሚቆጠር ይሆናል፦ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲቀየር 0.7 በመቶ ያህል ይጎድላል።

በሙከራ ተረጋግጧል?

በደንብ። ኮክክሮፍትና ዋልተን በ1932 ካምብሪጅ ውስጥ ሊቲየምን በፕሮቶን መትተው ለሁለት ሂሊየም ሰነጠቁት። ሁለቱ ሂሊየሞች ሲመዘኑ ከመነሻው ያንሳሉ፤ በፍጥነት ይዘው የወጡት 17 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (ለጥቃቅን ቅንጣቶች የሚያገለግል የጉልበት መለኪያ) ገደማ ደግሞ ከጉድለቱ ጋር ገጠመ። በ1938 መጨረሻ ሊዘ ማይትነርና የእህቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ስዊድን በረዶ ላይ እየተንሸራሸሩ የዩራኒየምን መሰንጠቅ ያስረዱት በዚሁ ስሌት ነው።

በ2005፣ እኩልታው መቶ ዓመት ሲሞላው፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ተመራማሪዎች የሲሊከንና የሰልፈር አቶሞች ኒውትሮን ሲውጡ የሚለቁትን ጋማ ጨረር ከመጠነ ቁሱ ልዩነት ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ ወገኖች በ0.00004 በመቶ ልክነት ተስማሙ።

«ቁስ ወደ ጉልበት ይቀየራል» ማለት ትክክል ነው?

ለወሬ ያህል ይሁን። በጥብቅ ሲታይ ግን ያሳስታል። ምንም የማይሰብረው፣ ሙቀትም የማያስወጣ ሳጥን ውስጥ ቦምብ አፈንዱ እንበል። ሳጥኑ ሚዛን ላይ ነው። ከፍንዳታው በፊትና በኋላ ሚዛኑ ስንት ያሳያል? እኩል። ጉልበቱ ውስጥ ነው ያለው፤ ውስጥ እስካለ ድረስ ይመዝናል። ሳጥኑን ከፍታችሁ ሙቀቱና ብርሃኑ ሲወጣ ነው ሚዛኑ የሚቀንሰው።

ስለዚህ አንዱ ጠፍቶ ሌላው አይፈጠርም። ጉልበቱ ቤት ቀይሯል፣ መጠነ ቁሱንም ይዞ ሄዷል።

ብርሃን መጠነ ቁስ የለውም ይባላል። ታዲያ በ1906ቱ ሳጥን ውስጥ ምን አሻገረ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሙሉው እኩልታ ኢ² = (ኤምሲ²)² + (ፒሲ)² ነው፤ ፒ ሞመንተም ናት። ለብርሃን ኤም ዜሮ ሆና ኢ = ፒሲ ይቀራል። የምናውቀው ኢ = ኤምሲ² ደግሞ ፒ ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም ለቆመ ዕቃ የሚሠራው ነው።

በ1906ቱ ሳጥን ውስጥ የግራው ግድግዳ ጉልበት ስላጣ መጠነ ቁሱ ቀነሰ፤ የቀኙ ስላገኘ ጨመረ። ብርሃኑ ጉልበትና ሞመንተም አድራሽ ነው። በመስተዋት በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ብርሃን ግን ጠቅላላ ፒው ዜሮ ስለሆነ ሳጥኑን በኢ/ሲ² ያከብደዋል።

ዕቃ ሲፈጥን መጠነ ቁሱ ይጨምራል?

የድሮ መጻሕፍት እንደዚያ ይላሉ። አንስታይን ራሱ በ1948 በጻፈው ደብዳቤ ይህን አነጋገር ባይጠቀሙበት እንደሚሻል መክሯል። ዛሬ የሚጨምረው ጉልበትና ሞመንተም ነው እንላለን፤ ኤም ለሁሉም ተመልካች አንድ ነች።

መማሪያ መጽሐፌ ኃይልን በርቀት ኢንተግሬት አድርጎ ነው የሚያወጣው። በቂ ነው?

ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ያ ስሌት የሚሰጠው (ጋማ − 1) × ኤምሲ² ነው፤ ዕቃውን ከቆመበት አንስቶ ለማፍጠን የወጣው ጉልበት ማለት ነው። ከዚያ ብዙ መጻሕፍት «−1ን ወደዚያ ስናሻግራት...» ብለው የተቀመጠውን ጉልበት ያወጣሉ። እኔም ተማሪ እያለሁ ሰሌዳ ላይ እንዲሁ ሲሠራ ገልብጬ አልፌዋለሁ።

ግን የባንክ ደብተር ገቢና ወጪው ብቻ ተጽፎበት ቢሰጣችሁ፣ ሒሳቡ ሲከፈት ስንት እንደነበረበት ታውቃላችሁ? አታውቁም። ኢንተግራሉም እንደዚያ ነው። የመነሻውን ልክ ለማወቅ ኤም ራሷ የምትቀየርበት ሁኔታ ያስፈልጋል። አምፖሉና ሳጥኑ ያስፈለጉት ለዚህ ነው።

የ1906ቱ ሳጥን እንዴት ሁለመናው በአንድ ጊዜ ይነሳል? ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም አልተባለም?

ተብሏል። የግራው ግድግዳ ሲመታ፣ የቀኙ ዜናውን ከመስማቱ በፊት ብርሃኑ ደርሶበት ያልፋል። ፍጹም ግትር ሳጥን በአንጻራዊነት ውስጥ አይኖርም። ማረጋገጫው ግን አይወድቅም፣ ሳጥኑን መጣል ብቻ ነው።

ሁለት የተለያዩ ግድግዳዎች ባዶ ቦታ ላይ አቁሙ። ግራው ብርሃን ለቅቆ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀኙ ምንም ሳያውቅ ቆሟል። ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳለ የሚንቀሳቀሱት ሁለት ናቸው፣ ግድግዳውና ብርሃኑ። የጋራ ማዕከሉ እንዳይነቃነቅ በሲ የሚሄደው ወገን የግድግዳውን ሞመንተም ማካካስ አለበት፦ ትንሿ ኤም × ሲ = ኢ/ሲ። ከዚህ ኤም = ኢ/ሲ² በአንድ መስመር ይወጣል።

አንስታይን በ1905ቱ ማረጋገጫ ሊያረጋግጥ የፈለገውን ነገር አስቀድሞ አስገብቶ ነው ያወጣው የሚባለውስ?

ይህን ክስ ያነሳው አሜሪካዊው ኸርበርት አይቭስ ነው፣ በ1952። በ1982 ስታኸልና ቶሬቲ የተባሉ ሁለት አጥኚዎች ጽሑፉን መስመር በመስመር ፈትሸው ሎጂኩ እንደማይዞር አሳይተዋል። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ቢሆንም ማረጋገጫው ለዝግተኛ ፍጥነት የተሠራ ነው፤ ለሁሉም ዓይነት አካል የሚሆነውን ሰፊ ማረጋገጫ ማክስ ፎን ላወ በ1911፣ ፌሊክስ ክላይን በ1918 ሠርተውታል። አንስታይንም አልረካም መሰለኝ፤ እስከ 1946 ድረስ እየተመለሰ በሌላ በሌላ መንገድ ዴራይቭ አድርጎታል።

መጠነ ቁስ የሚመጣው ከሂግስ አይደለም እንዴ?

ጥቂቱ ብቻ። ፕሮቶን ኳርክ በሚባሉ ሦስት ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው የተሠራው። ኳርኮቹ ከሂግስ መስክ (ቦታን ሁሉ ሞልቶ ለቅንጣቶች መጠነ ቁስ ከሚሰጠው) ያገኙት መጠነ ቁስ ቢደመር የፕሮቶኑን 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ቀሪው ኳርኮቹ ውስጥ ለውስጥ የሚራወጡበትና ግሉኦን የሚባሉት ቅንጣቶች አስረው የያዙበት ጉልበት ነው፣ ለሲ² ተካፍሎ። የመስተዋቱ ሳጥን ማለት ይኸው ነው፤ ብርሃኑ በኳርክና በግሉኦን ተተክቶ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ 59 ኪሎ ያህሉን የሚያስነብበው ይህ የታሰረ ጉልበት ነው።